«የገዛሁት» ላይ የተለጠፈችው «ት»

የዚህን ወር ደብዳቤዎች ሳገላብጥ አብዛኞቹ አንድ ነገር ላይ ተሰብስበው አገኘኋቸው። ሁለት አጫጭር የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሮችን እንዴት አንድ እናድርጋቸው? «ሁ»፣ «ዊች»፣ «ዛት»፣ «ሁዝ» የሚባሉት ቃላት የት ይገባሉ? የሰዋስው መጻሕፍት አድጄክቲቭ ክሎዝ ይሉታል፣ ሪሌቲቭ ክሎዝ የሚሉትም አሉ፣ ያው ነው። ስምን የሚገልጽ፣ በውስጡ ግስ ያለው ሐረግ ማለት ነው። እንግሊዝኛውን በእኛው ፊደል ነው የምጽፈው፤ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፣ ይመጣላችኋል።

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ ከሐዋሳ። ፈተና ላይ «ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች አጣምር» ሲባል ሁልጊዜ እሳሳታለሁ። ባለፈው «ዘ ፎን ዊች አይ ቦት ኢት ዳዝንት ወርክ» ብዬ ጽፌ ኤክስ ገባብኝ። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት?

መልስ፦ ስህተቷ አንዲት ቃል ናት፤ «ኢት»። እሷን አውጣትና ዓረፍተ ነገሩ ንጹሕ ነው። ግን ለምን እንደገባች ካላወቅህ ነገም ተመልሳ ትገባለች፣ ስለዚህ ትንሽ ታገሰኝ።

አማርኛው «የገዛሁት ስልክ አይሠራም» ነው። «የገዛሁት»ን እንፍታው። «የ» አለች፣ «ገዛሁ» አለ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ «ት» ተለጥፋለች። ያቺ «ት» ማን ናት? ስልኩ ነዋ! «ገዛሁት» ማለት እኮ «አይ ቦት ኢት» ማለት ነው። እኛ ስልኩን ግሱ ጭራ ላይ ለጥፈን ነው የምንሄደው፤ «የገዛሁ ስልክ» ብትል እናትህም ትስቅብሃለች። እና ጆሮህ አማርኛውን እየሰማ እጅህ እንግሊዝኛውን ሲጽፍ፣ «ት» ድርሻዋ እንዳይቀርባት ብሎ «ኢት»ን ይጨምርላታል። ስንፍና አይደለም። አማርኛህ ደህና ስለሆነ ነው። አረብኛ ተናጋሪዎችም እንግሊዝኛ ሲማሩ እዚሁ ጋ ነው የሚደናቀፉት፣ የእነሱም ግስ እንደኛው ጭራ አለው። በ1977 እ.ኤ.አ. ኤድዋርድ ኪናንና በርናርድ ኮምሪ የሚባሉ ሁለት የቋንቋ ምሁራን 50 የሚጠጉ ቋንቋዎች ይህን ሐረግ እንዴት እንደሚሠሩት አነጻጽረው ነበር፤ ይህቺን ተውላጠ ስም የሚያስቀምጡም የሚያባርሩም ቋንቋዎች አሉ። እንግሊዝኛ ከሚያባርሩት ወገን ነው። ለእሱ «ዊች» ራሷ ስልኩን ተክታ ተቀምጣለች። «ኢት»ን ስትጨምር ታክሲ ውስጥ አንድ ሰው ሁለት ወንበር ያዘ ማለት ነው።

አሁን ማጣመሩን አብረን እንሥራው። «አይ ቦት ኤ ፎን።» «ዘ ፎን ዳዝንት ወርክ።» የተደገመው ስም ፎን ነው። ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ፎንን አንሣና በቦታው «ዊች»ን አግባ። ከዚያ «ዊች»ን ጎትተህ ፊት አምጣት፦ «ዊች አይ ቦት»። ይህን ቁራጭ ይዘህ ወደ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ሂድና ከፎን ቀጥሎ፣ ምንም ሳታስገባ፣ አስቀምጠው። «ዘ ፎን ዊች አይ ቦት ዳዝንት ወርክ።» አለቀ። በአማርኛ ገላጩ ከስሙ ፊት ይቀድማል፣ በእንግሊዝኛ ከኋላው ይከተላል። መጀመሪያ «ኤ ፎን» የነበረው «ዘ ፎን» መሆኑንም ልብ በል። ስልኩ አሁን የትኛውም ስልክ አይደለም፣ አንተ የገዛኸው ነው፣ ታውቋል።

ፈተናው የማይነግርህን አንድ ነገር ልጨምርልህ። ሁለቱን ስታጣምር አንደኛው አለቃ፣ ሌላው ተከታይ ይሆናል። አለቃውን የምትመርጠው አንተ ነህ። «የገዛሁት ስልክ አይሠራም» የሚባለው ለሻጩ ነው፤ ስልኩን ባንኮኒው ላይ አስቀምጠህ፣ ቻርጀሩን ሰክተህ፣ «ይኸው አየኸው?» እያልክ። «የማይሠራ ስልክ ገዛሁ» የሚባለው ደግሞ ማታ ቤት ገብተህ ለወንድምህ ነው፣ ራስህን እየታዘብክ። እንግሊዝኛውም እንደዚያው፦ «ዘ ፎን ዊች አይ ቦት ዳዝንት ወርክ»፣ «አይ ቦት ኤ ፎን ዊች ዳዝንት ወርክ»። ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም።

እና አደራ፣ «ዘ ፎን ዊች አይ ቦት» ብለህ አራት ነጥብ አታስቀምጥ። «የገዛሁት ስልክ» ብለህ ዝም ብትል ጓደኛህ «እሺ፣ ምን ሆነ?» ይልሃል። ይህ «ምን ሆነ?» ከመጣ ዓረፍተ ነገሩ አላለቀም ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ጅዳ ነው ያለሁት፣ የሰው ቤት እሠራለሁ። ከማዳም ጋር በእንግሊዝኛ ነው የምንግባባው። «የምኖርበት ሰፈር» ለማለት «ዌር» እንደሚገባ አውቃለሁ። ግን «የመጣሁበት ቀን»፣ «የምጽፍበት እስክሪብቶ»፣ ሁሉንም «ዌር» እያልኩ ነው፣ ማዳምም አንዳንዴ ይስቁብኛል። ሌላም አለ፣ «ስልኩ የተሰረቀበት ሰውዬ» በእንግሊዝኛ ምንድን ነው?

መልስ፦ ማዳም ይሳቁ፣ ግድ የለም። እህቴ፣ አንቺ የነካሽው ነገር መጻሕፍቱ በደንብ የማይነኩትን ነው።

የእኛ «በት» የእናት ጓዳ ነች፣ ሁሉም ነገር ይገኝባታል። «የምኖርበት ሰፈር» ስትይ ቦታ ነች። «የመጣሁበት ቀን» ስትይ ጊዜ ነች። «የመጣሁበት ምክንያት» ስትይ ምክንያት፣ «የምጽፍበት እስክሪብቶ» ስትይ መሣሪያ፣ «የመጣሁበት አውሮፕላን» ስትይ መጓጓዣ። አንዲት «በት» ይህን ሁሉ ትሸከማለች። እንግሊዝኛ ግን ለእያንዳንዱ ሌላ ሌላ ሠራተኛ ቀጥሯል። ስለዚህ አፍሽን ከመክፈትሽ በፊት ግሱን ተዪና ስሙን እዪ። ቦታ ከሆነ «ዘ ኔበርሁድ ዌር አይ ሊቭ»። ጊዜ ከሆነ «ዘ ዴይ ዌን አይ ኬም»። ምክንያት ከሆነ «ዘ ሪዝን ዋይ አይ ኬም»። መሣሪያ ከሆነ ደግሞ «ዘ ፔን አይ ራይት ዊዝ» ነው፤ «በት»ሽ «ዊዝ» ሆና መጨረሻ ላይ ቁጭ አለች። አውሮፕላኑም «ዘ ፕሌን አይ ኬም ኦን»።

አንድ ማስጠንቀቂያ። «ዌር»ን ካስገባሽ «ኢን»ን አሰናብቺው። ወይ «ዘ ሀውስ ዌር አይ ሊቭ» ነው፣ ወይ «ዘ ሀውስ አይ ሊቭ ኢን» ነው። «ዘ ሀውስ ዌር አይ ሊቭ ኢን» ካልሽ ያ የታክሲው ወንበር ነገር መጣ። እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ ከዚህም ብሼ «ዘ ቪሌጅ ዌር አይ ዋዝ ቦርን ኢን ኢት» ብዬ ጽፌያለሁ። አስተማሪያችን ሰሌዳው ላይ እንድጽፈው አደረገኝና ምንም ሳይናገር ጠመኔውን ተቀብሎኝ ከኋላ መሰረዝ ጀመረ። «ኢት»ን ሰረዘ። «ኢን»ን ሰረዘ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ «መንደርህ አሁንም አለች አይደል?» አለኝ። አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ አልተሳሳትኩም አልልሽም፣ ግን በተሳሳትኩ ቁጥር ያ ጠመኔ ትዝ ይለኛል።

«ለት»ም የበት እህት ነች። «የምሠራላት ሴትዮ» ስትይ «ላት» ያለችው «ፎር» ነች፦ «ዘ ውማን አይ ወርክ ፎር»። «አብሬው የተማርኩት ልጅ» ከሆነ «ዘ ቦይ አይ ስተዲድ ዊዝ»። «ስለ እሱ የነገርኩሽ ሰውዬ» ከሆነ «ዘ ማን አይ ቶልድ ዩ አባውት»። አየሽ፣ አማርኛው መልሱን ይዞ ነው የሚመጣው፣ መፍታቱን ብቻ ነው የሚፈልገው።

አሁን ወደ ተሰረቀው ስልክ። «ስልኩ የተሰረቀበት ሰውዬ» ላይ ያለችው «በት» ቦታም ጊዜም አይደለችም። ጉዳት ነች። ነገሩ እሱ ላይ ደረሰበት ለማለት ነው። «እናቱ የሞተችበት ልጅ» እንደምንለው። ደስታ ሲሆን ደግሞ በ«ለ» እንቀይራታለን፦ «ልጇ የተመረቀላት እናት»። የሚገርመው እንግሊዝኛ እዚህ ጋ ምንም ስሜት የለውም። ሁለቱንም በ«ሁዝ» ነው የሚላቸው፤ «ዘ ማን ሁዝ ፎን ዋዝ ስቶለን»፣ «ዘ ማዘር ሁዝ ሰን ግራጁዌትድ»። እኛ ለሐዘን ነጠላ እናዘቀዝቃለን፣ «ሁዝ» ግን ለቅሶ ቤትም ሠርግ ቤትም አንድ ዓይነት ለብሶ ነው የሚሄደው።

«ሁዝ» ባለበት «ሂዝ» አትጨምሪ። «ዘ ማን ሁ ሂዝ ፎን ዋዝ ስቶለን» የሚሉ ሞልተዋል፣ ምክንያቱ «ስልኩ» ላይ ያለችው «የእሱ» ነች። ያው የሐዋሳው ልጅ በሽታ ነው። ደግሞ «ሁ ኢዝ» ሲያጥርም «ሁዝ» ተብሎ ነው የሚነበበው። ጆሮ አይለየውም፣ የሚለየው ጽሑፍ ላይ ነው። ባለጭረቷ «ሁ ኢዝ» ነች፣ ጭረት የሌላት «የእሱ፣ የእሷ» ነች።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ሰላም ነው? ዱባይ ነው የምሠራው። ለቪዛ ጉዳይ ስለ ባለቤቴ አንድ ደብዳቤ ጽፌ ነበር። «ማይ ዋይፍ ሁ ሊቭስ ኢን ደሴ ኢዝ ኤ ነርስ» ይላል። አብሮኝ የሚኖረው ልጅ «ኮማ አስገባ» ብሎ ድርቅ አለ። ኮማ ለጌጥ አይደል እንዴ? ምን ያካብዳል?

መልስ፦ አላካበደም። ኮማዋን አስገባ፣ ዛሬውኑ።

እንዲህ እንደተጻፈ ሰውዬው ሲያነበው «ደሴ ያለችዋ ሚስቱ ነርስ ናት፣ ሌላዋስ ምንድን ናት?» ሊል ይችላል። ቀልዴን አይደለም። በእንግሊዝኛ ኮማ የሌለው ሐረግ የሚሠራው ሥራ መለየት ነው፤ ከብዙ መሐል «የቱ?» ለሚለው ይመልሳል። በሁለት ኮማ መሐል የገባ ሐረግ ግን «በነገራችን ላይ» እንደማለት ነው። ሚስትህ አንድ ናት፣ የምትለያት ከማንም አይደለም። ስለዚህ «ማይ ዋይፍ፣ ሁ ሊቭስ ኢን ደሴ፣ ኢዝ ኤ ነርስ»። ኮማዋ ሁለት ናት፣ ከፊትም ከኋላም። ብዙ ሰው የፊተኛዋን ያስገባና ሁለተኛዋን ይረሳታል፣ በር ከፍቶ ገብቶ ሳይዘጋ እንደመተው።

ወንድም ከሆነ እንደቁጥሩ ነው። አንድ ወንድም ካለህ በኮማ፣ ሦስት ካለህና ቶሮንቶ ያለውን ለይተህ ማውራት ከፈለግህ ያለ ኮማ። ፎርም ላይ «ስንት ወንድም አለህ?» የሚል ሌላ ጥያቄ ካለና መልስህ ከደብዳቤህ ጋር ካልገጠመ ደግሞ ያልሆነ ጣጣ ነው።

እኛ ለምን አይታየንም? በአማርኛ «ደሴ የምትኖረው ባለቤቴ» ብንል ማንም አይጠረጥረንም። «በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባ» እንላለን፣ ሌላ አዲስ አበባ አለ ማለታችን አይደለም። «በባዶ እግሩ የሮጠው አበበ ቢቂላ» እንላለን፣ በጫማ የሮጠ ሌላ አበበ ቢቂላ ለማለት አይደለም። እንግሊዝኛ ግን የተጸውዖ ስም፣ የሰው ወይም የቦታ መጠሪያ ማለት ነው፣ ሲመጣ ኮማ ይጠይቃል፣ ስሙ ራሱ ለይቶታልና። «አበበ ቢቂላ፣ ሁ ራን ቤርፉት፣ ዋን ዘ ማራቶን ኢን ሮም ኢን 1960።» ሁለት ዓረፍተ ነገር ነበር፣ አንድ ሆነ። አለቃውን ብትገለብጠው «አበበ ቢቂላ፣ ሁ ዋን ዘ ማራቶን ኢን ሮም ኢን 1960፣ ራን ቤርፉት» ይሆናል፤ አሁን ወሬው ድሉ ሳይሆን እግሩ ሆነ።

ከኮማ በኋላ «ዛት» አይገባም። በእሷ ፈንታ «ዊች» ወይም «ሁ» ነው። ኮማ ከሌለ ግን «ዛት»ም «ዊች»ም ይሄዳል። አሜሪካኖቹ ኮማ በሌለበት «ዛት»ን እንድትመርጥ ይወተውታሉ። ሐሳቡን በ1926 እ.ኤ.አ. በሰፊው ያስተዋወቀው ግን እንግሊዛዊው ሄንሪ ፋውለር ነበር፣ ያውም ይህ ቢሆን ጥሩ ነው አለ እንጂ ሁሉም እንዲህ ይጽፋል አላለም። የገዛ አገሩ ሰዎች ብዙም አልሰሙትም፣ ዛሬም ሁለቱን እያቀያየሩ ይጽፋሉ።

አንዳንዴ «ዊች» ስም ሳይሆን ያለፈውን ወሬ በሙሉ ትይዛለች። «ሺ ፓስድ ዚ ኤግዛም፣ ዊች ሰርፕራይዝድ ኸር ፋዘር።» ይህቺ የእኛ «ይህም» ነች፤ «ፈተናውን አለፈች፣ ይህም አባቷን አስገረመው»። እዚህ ጋ ኮማ ግዴታ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ እንግሊዝኛ የተማርኩት በጃንሆይ ጊዜ ነው። አስተማሪያችን «ዓረፍተ ነገር በመስተዋድድ አይጨረስም» ይሉን ነበር፣ በ«ኢን»፣ በ«ቱ»፣ በ«ዊዝ» ማለታቸው ነው፤ «ሁም»ን የማያውቅ ደግሞ እንደተማረ አይቆጠርም። የልጅ ልጄ «ዘ ማን ሁ አይ ቶክድ ቱ» ስትል ባርማት «ድሮ ቀረ አባባ» አለችኝ። ፍረድ እስቲ።

መልስ፦ አባቴ፣ በእርስዎም በእሷም ላይ አልፈርድም፣ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። እርስዎ «ዘ ማን ቱ ሁም አይ ቶክድ» ብለው ቢጽፉ ለመሥሪያ ቤት ደብዳቤ የሚያምር፣ የከበረ አጻጻፍ ነው። እሷ ያለችው ደግሞ ዛሬ እንግሊዞቹ ራሳቸው ሲያወሩ የሚሉት ነው።

የአስተማሪዎ ሕግ ግን ታሪክ አለው። በ1672 እ.ኤ.አ. ገጣሚው ጆን ድራይደን ከእሱ በፊት የነበረውን ቤን ጆንሰንን ዓረፍተ ነገር በመስተዋድድ ጨርሷል ብሎ ነቀፈው። ኋላም የራሱን የድሮ ጽሑፍ ሲያሳትም እየፈለገ አረመው፣ እሱም ይጨርስ ነበር ለካ። ከዚያ በ1762 እ.ኤ.አ. ሮበርት ሎውዝ የሚባል፣ በኋላ የለንደን ጳጳስ የሆነ ሰው፣ በሰዋስው መጽሐፉ ነገሩ ለወግ ላለው ጽሑፍ አይመጥንም አለ፤ በንግግር ግን የተለመደ መሆኑን አልካደም። እንዲህ እንዲህ እያለ በመምህራን አፍ ሕግ ሆኖ እርስዎ ክፍል ደረሰ።

እኔን የሚያሳምነኝ ግን አማርኛችን ነው። «የምኖርበት ቤት» ስንል «በት» የት ነው ያለችው? ከግሱ በኋላ፣ ጭራው ላይ። «ዘ ሀውስ አይ ሊቭ ኢን» ላይ «ኢን» የት ነው ያለው? እዚያው። የልጅ ልጅዎ ሳታውቀው እንደ አማርኛ ነው የምታወራው። አንድ ነገር ብቻ ይንገሯት፦ መስተዋድዱን ፊት ካመጣችው «ቱ ሁ»ም «ቱ ዛት»ም አይባልም፣ «ቱ ሁም» ነው። እዚያ ላይ እርስዎ ያሸንፋሉ።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር። «ዛት»ን መቼ ነው መዝለል የሚቻለው?

መልስ፦ ከእሷ ቀጥሎ ሌላ የግስ ባለቤት፣ እንደ «አይ» ወይም «ሺ» ያለ፣ ካለ ዝለላት፣ በቀጥታ ግስ ካለ አትዝለላት። «ዘ ቡክ ዛት አይ ቦት» ላይ «አይ» አለች፣ ስለዚህ «ዘ ቡክ አይ ቦት» ይበቃል። «ዘ ማን ዛት ኬም የስተርዴይ ኢዝ ማይ አንክል» ላይ ግን ቀጥሎ ያለው «ኬም» ነው። ከዘለልካት «ዘ ማን ኬም የስተርዴይ» ብሎ ወሬው ያለቀ ይመስልና «ኢዝ ማይ አንክል» ሜዳ ላይ ይቀራል። በአማርኛ «የ»ን መዝለል ስለማንችል ይህ ነገር ሁሌም ይደናገረናል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከቨርጂኒያ ነው የምጽፍልህ። የእኔ ጭንቀት ተቃራኒ ነው። ልጄ 9 ዓመቱ ነው፣ እዚሁ ነው የተወለደው። አማርኛ ይሰማል፣ ሲያወራ ግን «ልጁ ያ የመታኝ» ይለኛል። እንዴት ላስተካክለው?

መልስ፦ «ልጁ ያ የመታኝ»! እንዴት እንደወደድኳት። «ዘ ቦይ ዛት ሂት ሚ» ቃል በቃል እኮ ነው። ልጅሽ የሐዋሳው ተማሪ የሠራውን ነው በግልባጭ የሠራው፤ ስሙን አስቀደመ፣ ገላጩን አስከተለ፣ «ዛት»ንም «ያ» አደረጋት።

ሰዋስው አትንገሪው፣ ይጠላዋል። ገበታ ላይ ሆናችሁ «የትኛው?» ተጫወቱ። «ብርጭቆ አምጣልኝ» በዪው። «የትኛውን ብርጭቆ?» ይበልሽ። «አባዬ የጠጣበትን ብርጭቆ።» ቀጥሎ እሱ ያዝዝ፣ አንቺ «የትኛውን?» በዪ። በአማርኛ ገላጩ የሚቀመጠው ልክ «የትኛው» በሚቀመጥበት ቦታ ነው፣ ከስሙ ፊት። ሁለት ሦስት ሳምንት ከተጫወታችሁ ጆሮው ራሱ ያስተካክለዋል። «ለየመታኝ ልጅ» ቢልሽም አትደንግጪ። «ለ»፣ «ከ»፣ «በ» ሲመጡ «የ» እንደምትወጣ ማንም አያስተምረንም፣ እየሰማን ነው የለመድነው። አንቺ «ለመታህ ልጅ ምን አልከው?» ብለሽ መልሺለት፣ ይበቃል። የመታው ልጅ ጉዳይም እግረ መንገድሽን ይጣራ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ፣ ቢሮ ነው የምሠራው። ሪፖርት በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ። አለቃዬ «ዓረፍተ ነገርሽ የልጅ ነው፣ አያይዢው» ይለኛል። አሁን ሁሉንም በ«ዊች» እያያዝኩ ነው፣ ግን የባሰ ግራ የተጋባ ይመስለኛል።

መልስ፦ ተጋብቷል፣ ልክ ነሽ። የላክሽልኝን ናሙና አየሁት። አንዱ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አራት «ዊች» አለ፣ ሦስተኛዋ ጋ ስደርስ ስለምን እንደምናወራ ረሳሁ። አለቃሽ አያይዢ ሲል የሚያያዘውን ብቻ ማለቱ ይመስለኛል። ስሙ ከተደገመና ሁለተኛው ወሬ ትንሽ ከሆነ አያይዢ። ሁለቱም ትልልቅ ወሬ ከሆኑ ለየብቻ ተያቸው፣ ማንም አይከስሽም።

የባሰው ስህተትሽ ሌላ ነው። «አይ ጌቭ ዘ ዶክመንት ቱ ዘ ማናጀር ዊች ዋዝ ሳይንድ» ብለሻል። ሐረጉ ከጎኑ ያገኘውን ስም ነው የሚይዘው፤ ስለዚህ እንዳነበብኩት የተፈረመው ሰነዱ ሳይሆን ማናጀሩ ነው። «አይ ጌቭ ዘ ማናጀር ዘ ዶክመንት ዊች ዋዝ ሳይንድ» በዪ፣ ሰውየውን ከፊርማ አድኚው።

ማሳጠር ከፈለግሽ «ዘ ፒፕል ሁ አር ዌይቲንግ አውትሳይድ» የሚለውን «ዘ ፒፕል ዌይቲንግ አውትሳይድ» ማድረግ ይቻላል፣ «ሁ አር» ትወጣለች። ግን በጥንቃቄ። ቶማስ ቤቨር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር በ1970 እ.ኤ.አ. ያመጣት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፦ «ዘ ሆርስ ሬስድ ፓስት ዘ ባርን ፌል»። እንግሊዞቹ ራሳቸው ያነቧትና «ፌል» ጋ ሲደርሱ ይቆማሉ፣ ፈረሱ ጎተራውን አልፎ ሮጠ ብለው ጨርሰው ነበራ። ትርጉሟ ግን «ጎተራውን አልፎ እንዲሮጥ የተደረገው ፈረስ ወደቀ» ነው። «ዛት ዋዝ» ስለወጣች ነው ይህ ሁሉ ጣጣ። ሪፖርትሽ ውስጥ እንዲህ ያለ ፈረስ ከወደቀ «ሁ አር»ሽን መልሺያት።

ጥያቄ፦ ውሻዬን «ሁ» ልበለው «ዊች»? ጓደኞቼ ተወራርደዋል። ከአዳማ።

መልስ፦ ስም ካወጣህለት «ሁ» በለው፣ እንግሊዞቹም የሚወዱትን ውሻ እንደዚያ ነው የሚሉት። የማታውቀው የሰፈር ውሻ ከሆነ «ዛት» ወይም «ዊች»። ያቺ ሌሊቱን ሙሉ ስትጮህ ያደረችው የጎረቤት ውሻ ግን በሁለቱም ትጠራለች፣ እንደ ንዴትህ።